መቅዘፍ ሲቆም ታንኳው ለምን ይቆማል? የኒውተንን 1ኛ ሕግ ለ9ኛ ክፍል ማስረዳት

ጣና ዳር (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ አሁን ኃይልና እንቅስቃሴ ላይ ነን። የተጣራ ኃይል ካልደረሰበት የቆመው እንደቆመ፣ የሚሄደውም በዚያው ፍጥነትና በዚያው አቅጣጫ እንደሄደ ይቀጥላል የሚለውን ሕግ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንድ ተማሪ "ታንኳ መቅዘፍ ስንተው ይቆማል፤ ሳይክልም ፔዳሉን መርገጥ ስናቆም ይቆማል። ሳይገፋ የሚቀጥለው የቱ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነው። "በሰበቃ ምክንያት ነው" አልኩ፤ ግን ስም ሰጠሁት እንጂ አላስረዳሁትም።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ልጆቹ በየቀኑ ከሚያዩት ነገር ተነስቶ በቁጥር የሚያስረዳ አካሄድ። ሁለተኛ፣ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ያለ ላቦራቶሪ ዕቃ፣ በ40 ደቂቃ ሊሠራ የሚችል ሙከራ። የሰበቃውን መጠን ራሳቸው ለክተው ቢያገኙት ደስ ይለኛል።

ሽምብጥ

ሰላም መምህር። ልጁ የያዘው ሐሳብ የአሪስቶትል ነው። እስከ ጋሊሊዮ ዘመን ድረስ ብዙ ሊቃውንት ሲያስተምሩት የኖሩት ይህንኑ ስለሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይነቀልም። ልጁ የሚስተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቀዛፊው የሚሰጠውን ኃይል ያያል፣ ውሃው የሚሰጠውን አያይም። ስለዚህ ከሕጉ በፊት ሥዕሉ ይምጣ። ታንኳውን እንደ አንድ ሳጥን ይሳሉና አግድም የሚሠሩትን ሁለት ኃይሎች በቀስት ያሳዩ፤ ወደፊት የቀዘፋው ግፊት፣ ወደኋላ የውሃው መጎተት።

ከዚያ ቁጥር ይስጧቸው። የደንገሉ ታንኳ ከነሰውየው 120 ኪሎ ግራም፣ ፍጥነቱ 1 ሜትር በሰከንድ፣ በዚያ ፍጥነት የውሃው መጎተት 20 ኒውተን ነው እንበል። ፍጥነቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚሄድ ከሆነ ቀዛፊው በአማካይ የሚሰጠው ኃይል ስንት ነው? አብዛኞቹ "ከ20 በላይ" ይላሉ። መልሱ ልክ 20 ነው። ከ20 ቢበልጥ ታንኳው እየፈጠነ ይሄድ ነበር፤ ቢያንስ እየቀዘቀዘ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉና ያወያዩአቸው፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ፍጥነቱ አልተለወጠም ማለት ኃይል የለም ማለት አይደለም፤ ኃይሎቹ ተቻችለው የተጣራው ዜሮ ሆኗል ማለት ነው። ቀዛፊው የሚደክመው እንቅስቃሴውን ለማቆየት ሳይሆን ውሃው የሚወስድበትን ለመመለስ ነው።

አሁን መቅዘፊያው ከውሃ ወጣ። የቀረው የውሃው 20 ኒውተን ብቻ ነው፤ ወደኋላ። አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) 20 ÷ 120 = 0.17 ሜ/ሰ² ይሆናል፤ አቅጣጫው ከጉዞው በተቃራኒ። ብዙ ተማሪ ይህን ቁጥር እስከ መጨረሻው ይዞ "በ6 ሰከንድ፣ በ3 ሜትር ውስጥ ይቆማል" ይላል። ታንኳ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ይህ እንደማይሆን ግልጽ ነው፤ ታንኳው መጀመሪያ ቶሎ ይቀዘቅዝና ከዚያ ቀስ እያለ ረዥም ጊዜ ይንሳፈፋል። ምክንያቱ የውሃው መጎተት ቋሚ አለመሆኑ ነው። በግርድፉ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ መጎተቱ ወደ ሩብ፣ ወደ 5 ኒውተን ይወርዳል። በዚህ ስሌት ከ1 ወደ 0.5 ሜ/ሰ ለመውረድ 6 ሰከንድ ይፈጃል፣ 4.2 ሜትርም ይሄዳል። ከ0.5 ወደ 0.25 ለመውረድ ደግሞ 12 ሰከንድ ይወስድበታል፤ የሚሄደው ርቀት ግን ያው 4.2 ሜትር ነው። ፍጥነቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ጊዜው እጥፍ፣ ርቀቱ እኩል። የካልኩለስ ማውጫውን 9ኛ ክፍል ላይ አያንሱት፤ ውጤቱን በሠንጠረዥ ማሳየት ይበቃል።

ወደ ሐይቁ ወስደው ሊያሳዩአቸው ከፈለጉ ጠዋት ይሁን። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ሦስተኛ ኃይል ሆኖ ይገባና ሥዕሉን ያበላሻል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። ውሃው ራሱ ስለሚሄድ "የቆመ" ታንኳም ይነዳል፤ በዚያ ላይ ጉማሬ ያለበት ቦታ ነው።

ሳይክሉ ከታንኳው የተሻለ ማሳያ ነው፤ ሰበቃውን መቀነስ ስለሚቻል። ሳይክል ከነነጂው 90 ኪሎ፣ ፍጥነቱ 5 ሜ/ሰ፣ መንገዱ ሜዳ አስፋልት ይሁን። ጎማው በደንብ ሲነፋ የመንከባለል ሰበቃው 7 ኒውተን ገደማ፣ የአየሩ መጎተት በዚያ ፍጥነት ሌላ 7 ኒውተን ገደማ ነው ብለው ይነሱ። ፔዳል ሳይረገጥ ወደ 110 ሜትር ይንከባለላል። ጎማው ነፋስ ጎድሎት የመንከባለል ሰበቃው እጥፍ ቢሆን ወደ 65 ሜትር ይወርዳል። ሳይክሉ ያው፣ ነጂው ያው፣ መነሻ ፍጥነቱም ያው ነው። የተለወጠው ሰበቃው ብቻ ነው፤ ርቀቱም ተለወጠ። አሁን "ሰበቃው እያነሰ እያነሰ ዜሮ ቢደርስስ?" ብለው ልጁን መልሰው ይጠይቁት። ጋሊሊዮ የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው፤ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. በሕግ መልክ አስቀመጠው።

ሰበቃ

ሽምብጥ የጻፈው ላይ የምጨምረው የለም። ሙከራውን ልጻፍ።

ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው፦ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን የተላገ ጣውላ፣ ከሥሩ ለስላሳ የሆነ የእንጨት ቁራጭ፣ ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ቀጭን ሲባጎ፣ ባዶ የስፌት ክር ማጠንጠኛና ሚስማር፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ (መርፌው ወጥቶ)። ሚዛን እንደልብ አያስፈልግም፤ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ስለሆነ ሲሪንጁ ራሱ ሚዛን ነው። የእንጨቱን ግን አንድ ጊዜ ሱቅ ወስዶ ማስመዘን ይሻላል። ለ60 ልጅ 10 ቡድን ይበቃል፤ ከስድስት በላይ ሲሆኑ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ያያሉ።

ጣውላውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ማጠንጠኛውን ጫፉ ላይ በሚስማር ያስሩ፤ በነፃ መዞር አለበት። እንጨቱ ላይ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ይጫንና ይታሰር። ሲባጎው ከእንጨቱ ተነስቶ በማጠንጠኛው ላይ አልፎ ቁልቁል ይውረድ፤ ጫፉ ላይ ሁለተኛው ሃይላንድ ባዶውን ይንጠልጠል።

ከዚያ በሲሪንጅ ውሃ ይጨመርበታል። መጀመሪያ አስር አስር፣ ሊነሳ ሲል ሁለት ሁለት ሚሊ ሊትር። እንጨቱ ሳይነካ በራሱ የሚነሳበት መጠን የመነሻ ሰበቃውን ይሰጣል። ቀጥሎ ውሃውን ይቀንሱና ጣውላውን በጣት መታ እያደረጉ፣ እንጨቱ አንዴ ከተነሳ በኋላ ሳይፈጥንና ሳይቆም እኩል የሚሄድበትን መጠን ይፈልጉ። የእንቅስቃሴ ሰበቃው ያ ነው። ይህኛው ሁልጊዜ ከመነሻው ያነሰ ሆኖ ያገኙታል። የመምህሩ ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ በዓይን ይታያል፤ እንጨቱ እኩል ፍጥነት ሲሄድ ወደፊት የሚስበው ክብደትና ወደኋላ የሚይዘው ሰበቃ እኩል ናቸው።

ለምሳሌ እንጨቱ ከነጭነቱ 600 ግራም ሆኖ በ270 ግራም ቢነሳ የመነሻ ሰበቃው ኮፊሸንት (ሰበቃው ለእንጨቱ ክብደት ሲካፈል) 270 ÷ 600 = 0.45 ነው። በ190 ግራም እኩል ቢሄድ የእንቅስቃሴው 0.32። ሁለቱም ወገን በስበት ስለሚባዛ ግራሙን በግራም ማካፈል ይበቃል።

የሚያበላሹት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ሲባጎው ከጣውላው ጋር ትይዩ ካልሆነ፣ ወደ ላይ ካዘመመ እንጨቱን በከፊል ያነሳዋልና ሰበቃው ያነሰ ይመስላል፤ ማጠንጠኛውን ዝቅ ማድረግ ነው። ጠረጴዛው ዘንበል ካለ ስበቱ አንዱን ወገን ያግዛል። ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሃይላንድ ጣውላው ላይ ቢያጋድሙ አረፋዋ መሐል ከቆመች ደህና ነው፤ ከሸሸች ከእግሩ ሥር ወረቀት ይደረግ። ከሲሪንጁ የሚንጠባጠበው ውሃ ጣውላው ላይ ካረፈ ሙከራው አለቀ፤ የረጠበ እንጨት ሌላ ነገር ነው፣ ሌላ ቦታ መርጦ እንደገና መጀመር ነው። ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሱት ከሆነ ብናኙ በደንብ ይጠረግ። እያንዳንዱ ልኬት አምስት ጊዜ ይደገምና አማካዩ ይያዝ። ከአምስቱ አንዱ በጣም ከራቀ ሳይሰርዙ ምን እንደተፈጠረ ይጻፉ።

ክፍለ ጊዜ ከተረፈ 2ኛው ሕግ (አክስለሬሽን የተጣራው ኃይል ለማስ ሲካፈል ነው የሚለው) በዚሁ ዕቃ ይታያል። የተንጠለጠለውን ወደ 300 ግራም ያሳድጉት። የሚስበው 0.3 × 9.78 = 2.93 ኒውተን፤ ሰበቃው 0.32 × 0.6 × 9.78 = 1.88 ኒውተን፤ የተጣራው 1.05። አሁን በስንት ይካፈል? ተማሪው በ0.6 ያካፍላል። የሚንቀሳቀሰው ግን እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ የተንጠለጠለውም አብሮ ይፈጥናል። ስለዚህ በ0.9 ተካፍሎ 1.17 ሜ/ሰ² ይመጣል። ከቆመበት ተነስቶ 80 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ 1.17 ሰከንድ ይፈጅበታል (ሁለቱ ቁጥሮች የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ነው)። ይህን በጣት በሚጫን ሰዓት አይለኩት። የጣት መዘግየት 0.2 ሰከንድ ቢሆን ጊዜው 17 በመቶ ይሳሳታል፣ አክስለሬሽኑ ደግሞ በጊዜው ስኩዌር ስለሚሰላ ስህተቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በስልክ ቪዲዮ ይቀረጽ፤ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ስልክ ከሆነ 35 ምስል ገደማ ይቆጠራል።

የክሩንም ውጥረት ያሠሯቸው። "ከተንጠለጠለው ክብደት ጋር እኩል፣ 2.93" ይላሉ። እኩል ቢሆን ኖሮ የተንጠለጠለው ራሱ ባልፈጠነ ነበር። ውጥረቱ 0.3 × (9.78 − 1.17) = 2.58 ኒውተን ነው። በእንጨቱ በኩል ቢያሰሉትም 1.88 + 0.6 × 1.17፣ ያው 2.58።

ጣና ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ጣውላ አስልጋለሁ። አንድ ጥያቄ፦ 9.78 ያሉት ለምንድን ነው? እኛ 9.8 ወይም 10 ነው የምንጠቀመው።

ሰበቃ

ባሕር ዳር ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ትሆናለች። ሁለቱም ስበቱን ትንሽ ይቀንሱታል። ከ9.81 ጋር ያለው ልዩነት 0.3 በመቶ ገደማ ስለሆነ በሲሪንጅ በሚሠራ ሙከራ አይታይም። ፈተና ላይ ጥያቄው የሰጠውን ይጠቀሙ።

ወደብ ሰፈር

ታንኳው ከተነሳ 3ኛውን ሕግ ሳትጠቅሱ አትለፉ። መቅዘፊያው ውሃውን ወደኋላ ይገፋል፣ ውሃው መቅዘፊያውን ወደፊት ይገፋል። ተማሪው ወዲያው "እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ይጣፋሉ፤ ታንኳው እንዴት ይሄዳል?" ይላል። አይጣፉም፤ አንዱ ያረፈው ውሃው ላይ፣ ሌላው መቅዘፊያው ላይ ነው። የሚቻቻሉት አንድ አካል ላይ ያረፉ ኃይሎች ብቻ ናቸው። የታንኳውን ሥዕል ሲስሉ ታንኳው ላይ ያረፈውን ብቻ ይሳሉ፤ ታንኳው ሌላውን የሚገፋበት ቀስት እዚያ ሥዕል ውስጥ አይገባም። ይህች አንዲት ደንብ ከያዟት ግማሹ ስህተት ይቀራል።

ብዙ መምህርም የሚስተው አለ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ክብደትና ጠረጴዛው ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል የ3ኛው ሕግ ጥንድ አይደሉም። ሁለቱም መጽሐፉ ላይ ነው ያረፉት፤ እኩል የሆኑት መጽሐፉ ስለማይፈጥን፣ ማለትም በ1ኛው ሕግ ነው። የክብደቱ ጥንድ መጽሐፉ ምድርን ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል ነው። መለያው ይህ ነው፦ "ሀ ለን ይገፋል" ካልን ጥንዱ "ለ ሀን ይገፋል" መሆን አለበት፤ ስሞቹ ብቻ ይገለባበጣሉ።

ልጆቹ የሚያውቁትን ምሳሌ ከፈለጉ ከታንኳ ወደ ወደቡ መዝለልን ይውሰዱ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ1.5 ሜ/ሰ ወደፊት ሲዘል 40 ኪሎ የሆነው ደረቅ ታንኳ በ60 × 1.5 ÷ 40 = 2.25 ሜ/ሰ ወደኋላ ይሸሻል። ውሃ ውስጥ ከርሞ ውሃ የጠጣና 90 ኪሎ የደረሰ ታንኳ ግን በ1 ሜ/ሰ ብቻ ነው የሚሸሸው። ሰው ውሃ ውስጥ የሚወድቀው እግሩ ገና ሳይለቅ መርገጫው ስለሚሸሽበት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱ ይታሰራል፣ ከዚያ ይወረዳል።

ጣና ዳር

ተማሪዎቹ ላይ አንድ ክርክር ተነስቷል፤ እግረ መንገዴን ልጠይቅ። "ሰው የሞላ ባጃጅና ባዶ ባጃጅ በእኩል ርቀት ይቆማሉ፣ ማሱ ይሰረዛልና" የሚል አለ። እውነት ነው?

ሽምብጥ

ጎማው በፍሬን ተይዞ መንሸራተት ከጀመረ፣ አዎ። ሰበቃው በማሱ ልክ ያድጋል፣ ማሱም በዚያው ልክ ማቆሙን ያከብደዋል፤ ይሰረዛሉ። በ36 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም 10 ሜ/ሰ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃው ኮፊሸንት 0.7 ቢሆን 100 ÷ (2 × 0.7 × 9.78) = 7.3 ሜትር። ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ 0.35 ቢሆን 14.6 ሜትር። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ካለፈ በሁለቱም ላይ 10 ሜትር ይጨመራል።

ፍሬኑ ጭነት የበዛበትን ጎማ መያዝ ካልቻለ ግን አይሰረዝም። የዚያን ጊዜ ወሰኑ የመንገዱ ሰበቃ መሆኑ ይቀርና የፍሬኑ አቅም ይሆናል፤ የፍሬኑ ኃይል ደግሞ ሰው ስለተጫነ አይጨምርም። ያው ኃይል ለበለጠ ማስ ሲካፈል አክስለሬሽኑ ያንሳል፣ መቆሚያውም ይረዝማል። ሁለቱም ልጆች ልክ ናቸው፤ የትኛው ኃይል ነው የሚወስነው ብለው አልጠየቁም እንጂ።

ጣና ዳር

ሙከራውን ሠርተናል። አንድ ቡድን ያመጣው ውጤት አልገባኝም። የእንጨቱ ጠቅላላ ማስ 400፣ 700 እና 1,000 ግራም ሲሆን፣ እኩል ፍጥነት የሰጠው ውሃ በቅደም ተከተል 124፣ 231 እና 334 ሚሊ ሊትር ነው። ሲካፈል 0.31፣ 0.33፣ 0.334። የሰበቃው ኮፊሸንት ጭነት ሲጨምር ቋሚ መሆን ሲገባው ለምን ያድጋል? አምስት አምስት ጊዜ ደግመዋል፤ ጣውላው ደረቅ ነው።

ሰበቃ

ልኬታቸው በጣም ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ ከእኔ ጽሑፍ ነው። ባዶው ሃይላንድ ራሱ ይመዝናል፣ እነሱ የቆጠሩት ውሃውን ብቻ ነው። 15 ግራም ገደማ ይሆናል። በየቁጥሩ ላይ ቢደምሩት 139፣ 246፣ 349 ይሆንና ሲካፈል 0.348፣ 0.351፣ 0.349፤ ቋሚ ሆነ።

ያለ መደመርም ከግራፉ ማወቅ ይቻላል። አግድም የእንጨቱን ማስ፣ ቀጥ ብሎ የውሃውን ግራም አድርገው ሦስቱን ነጥቦች በማስመሪያ ያገናኙ። የመስመሩ ዘንበል (334 − 124) ÷ 600 = 0.35 ነው፤ ይህ የሃይላንዱ ክብደት ቢረሳም አይሳሳትም። መስመሩን ወደ ግራ ሲያስረዝሙት ቀጥ ብሎ የቆመውን የውሃውን መስመር ከዜሮ በታች 16 ግራም አካባቢ ይቆርጠዋል። የተረሳው ክብደት እሱ ነው። በሌላ ቡድን መስመሩ ከዜሮ በላይ ቢቆርጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ምንም ጭነት ሳይኖርም የሚያዝ ነገር አለ ማለት ስለሆነ ማጠንጠኛው ሚስማሩ ላይ እየተጣበቀ እንደሆነ ይዩ። የሻማ ሰም ቀብቶ ማዞር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ማጠንጠኛው በጭነት ልክ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ዘንበሉንም ከፍ ያደርገዋል፤ ያንን ግራፉ አይነግርዎትም፣ በሌላ ማጠንጠኛ መድገም ነው።

እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ ባዶውን ሃይላንድ ወርቅ ቤት ወስደው ያስመዝኑት። ክዳኑን፣ የታሰረበትን ሽቦና የተንጠለጠለውን ሲባጎ ጨምረው ይሁን።